ቄስ የሌለበት ሰርግ፦ ወደ ኩዌከሮች ጋብቻ ለሚጓዝ ወዳጅ

ጥሪው በድንገት ይደርሳል። ዩኒቨርሲቲ አንድ ዶርም የተጋራችሁት፣ ወይም አዲስ አበባ መጥቶ ሁለት ዓመት አብሯችሁ የሠራው የድሮ ወዳጅዎ ሊያገባ ነው። ቦታው ፊላደልፊያ ነው። ከጥሪው ግርጌ ሰርጉ በኩዌከሮች ሥርዓት እንደሚፈጸም ተጽፏል።

ከደስታው ቀጥሎ ጥያቄው ይመጣል። ቄስ አለ ወይ? ምን ይለበሳል? እልል ይባላል? የሌላ እምነት ጉባኤ ላይ መቀመጥስ እንዴት ነው? ብዙ ተጋባዥ እነዚህን ሳይጠይቅ ይሄድና የሰርጉን ግማሽ ምን እየተደረገ እንደሆነ በማሰላሰል ያሳልፈዋል።

አንድ ነገር አስቀድሞ ይታወቅ። በዚህ ሰርግ ላይ የሚያጋባ ቄስ፣ ፓስተር ወይም ሹም የለም። ኩዌከሮች የሚያጋባው እግዚአብሔር ነው፣ የሰው ድርሻ መመስከር ነው ብለው ያምናሉ። ስለዚህ በአዳራሹ የተቀመጠ ሁሉ፣ ሕፃናት ሳይቀሩ፣ የሥርዓቱ አካል ነው። እርስዎም የሚጓዙት ሰርግ ሊያዩ ብቻ አይደለም፤ የምስክርነት ሥራ ይጠብቅዎታል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ለዚያ ሥራና ለወዳጅነቱ የሚያዘጋጁ ናቸው።

1. የትኛው ዓይነት ጉባኤ እንደሆነ ይጠይቁ

ኩዌከሮች ራሳቸውን የሚጠሩት "ወዳጆች" ብለው ነው፤ የማኅበራቸውም ስም የወዳጆች ማኅበር ነው። በዚህ አንድ ስም ሥር ግን በጣም የሚለያዩ የአምልኮ ልማዶች አሉ። በብሪታንያና በፊላደልፊያ አካባቢ የተለመደው ፓስተር የሌለው፣ በዝምታ የሚመለክበት ጉባኤ ነው። በምዕራብ ኬንያ፣ በካይሞሲና በአካባቢዋ ያሉት ኩዌከሮች ደግሞ ፓስተር አላቸው፤ ይዘምራሉ፣ ስብከት ይሰማሉ። ከዓለም አገሮች ብዙ ኩዌከሮች የሚገኙባት ኬንያ ስለሆነች ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም። ጥሪው ከኬንያ ከሆነ በመዝሙርና በስብከት የደመቀ ሰርግ ይጠብቁ። ከፊላደልፊያ ከሆነ ዝምታ ይጠብቅዎታል፤ ይህ መመሪያም በዋናነት ለእሱ የተዘጋጀ ነው።

ለወዳጅዎ ደውለው "በዝምታ ነው ወይስ ፓስተር አለ?" ብለው ይጠይቁ። መልሱ የሚለብሱትን፣ የሚናገሩትንና ልጆች ይዘው መሄድዎን ሁሉ ይወስናል።

2. ቀኑንና ሰዓቱን በሁለት አቆጣጠር ይጻፉ

በአሜሪካ አጻጻፍ ወር ከቀን ይቀድማል። ጥሪው ላይ 10/4 ካለ ኦክቶበር 4 ማለት ነው፣ በእኛ አቆጣጠር በአብዛኛው ዓመት መስከረም 24። ይህንኑ ቁጥር እንደ እንግሊዞች ያነበበ ሰው ኤፕሪል 10፣ ማለትም ሚያዝያ 2 ይለዋል። የስድስት ወር ስሕተት ነው። ሰዓቱም እንደዚሁ ነው፤ ጥሪው ላይ ከቀትር በኋላ 2 ሰዓት የተባለው በእኛ አቆጣጠር 8 ሰዓት ነው። ሁለቱንም አጻጻፍ ጎን ለጎን ወረቀት ላይ ያስፍሩ።

ሌላም የሚታይ ነገር አለ። ኩዌከሮች የጾም ወራት ስለሌላቸው ሰርጉ በዐቢይ ጾም መካከል ሊውል ይችላል። በእኛ አገር ልማድ በዚያ ወቅት ሰርግ ስለማይደገስ ብዙ ሰው ቀኑን ሲያይ ይደነግጣል። ጾመኛ ከሆኑ አስቀድመው ይንገሩ። "እጾማለሁ" ማለት ብቻውን በአሜሪካ ምንም አለመብላት ተብሎ ሊተረጎም ስለሚችል "ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አልበላም" ብለው ይዘርዝሩት። እንዲህ ያለውን ምግብ የሚያውቅ ሰው እዚያ አይጠፋም።

3. ቪዛው ከትኬቱ ይቅደም

ከኢትዮጵያ ለሚነሳ ሰው ለሰርግና ለጉብኝት የሚያስፈልገው የቢ-2 የጎብኚ ቪዛ ነው። ዲኤስ-160 የተባለው ቅጽ በኢንተርኔት ይሞላል፣ ክፍያው ይፈጸማል፣ ከዚያ ኤምባሲ ለቃለ መጠይቅ ይቀረባል። ቀጠሮ ወራት ሊወስድ ይችላልና ጥሪው እንደደረሰ ይጀምሩ። ክፍያውና ደንቡ ስለሚለዋወጥ ጎረቤት የነገረዎትን ትተው የኤምባሲውን ገጽ በዚያው ሳምንት ይመልከቱ።

የአሜሪካ ሕግ የጎብኚ ቪዛ አመልካችን ተቃራኒውን እስኪያሳይ ድረስ ለመቅረት እንዳሰበ አድርጎ ይቆጥራል። ስለዚህ ቃለ መጠይቁ በአብዛኛው የሚያጠነጥነው በመመለስዎ ላይ ነው። ሥራ፣ ቤተሰብ፣ ንብረት፣ ትምህርት፣ እዚህ የሚያስርዎት ነገር ምንድን ነው? ከወዳጅዎ የሚላክ የጥሪ ደብዳቤ ይረዳል እንጂ አይወስንም። ደብዳቤው የሰርጉን ቀንና አድራሻ፣ የትውውቃችሁን ዘመንና የሚያርፉበትን ቦታ ይግለጽ።

የቃለ መጠይቁ መኮንን "ማን ነው የሚያጋባቸው?" ብሎ ቢጠይቅ ግራ አይጋቡ። በፔንሲልቬንያ ሕግ ያለ አጋቢ በሁለት ምስክሮች ፊርማ የሚጸና የጋብቻ ፈቃድ አለ፤ ብዙ ሰው የኩዌከር ፈቃድ ይለዋል። "ቄስ የለም፣ ራሳቸው ቃል ይገባባሉ፣ ሕጉ ይፈቅዳል" ማለት ትክክለኛና በቂ መልስ ነው።

በብዛት የሚታየው ስሕተት ቪዛ ሳይያዝ ገንዘቡ የማይመለስ ትኬት መቁረጥ ነው። ኤምባሲውም ይህን እንዳያደርጉ ይመክራል። ጥሪው ከእንግሊዝ ከሆነ ለተጋባዥ መደበኛው የጎብኚ ቪዛ ይበቃል።

4. መንገዱንና ማደሪያውን አስቀድመው ይያዙ

ከአዲስ አበባ የሚነሳ ሰው በአብዛኛው ዋሽንግተን ዳላስ ያርፋል። ከዚያ ሲልቨር በተባለው የሜትሮ መስመር እስከ ሜትሮ ሴንተር፣ ከሜትሮ ሴንተር በቀዩ መስመር እስከ ዩኒየን ስቴሽን መሄድ ይቻላል። ከዩኒየን ስቴሽን እስከ ፊላደልፊያ 30ኛው ጎዳና ጣቢያ በአምትራክ ባቡር 2 ሰዓት ያህል ነው። ቀኑ በቀረበ ቁጥር የባቡሩ ዋጋ ይወጣል፤ አውቶቡስ ይረክሳል፣ ግን ዓርብ ከሰዓት በኋላ መንገዱ ስለሚጨናነቅ ሰዓቱን ማመን አይቻልም። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ የሚኖር አንባቢም በሰርጉ ዕለት ጠዋት ተነስቶ በቀጥታ ሰርጉ ላይ ለመድረስ ባያስብ ይሻላል።

አድራሻውን ከነቁጥሩ ይያዙ። በፊላደልፊያ "ፍሬንድስ" የሚል ስም የያዙ ትምህርት ቤቶችና የጉባኤ ቤቶች ብዙ ናቸው። በመሀል ከተማ ብቻ እንኳ ከአንድ በላይ የጉባኤ ቤት አለ። ከሁሉ የታወቀው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተሠራው የአርች ጎዳና የጉባኤ ቤት በ3ኛና በ4ኛ ጎዳናዎች መካከል ይገኛል፤ ከ30ኛው ጎዳና ጣቢያ በከተማ ባቡር ወደ ምሥራቅ ሄደው 2ኛ ወይም 5ኛ ጎዳና ላይ ሲወርዱ የጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። በቸስተርና በባክስ ካውንቲ ያሉት የድንጋይ ጉባኤ ቤቶች ግን ገጠር ናቸው። አውቶቡስ በሌለበት ቦታ ታክሲ ፍለጋ ከመቸገር ከሌሎች ተጋባዦች መካከል መኪና ያለው ማን እንደሆነ ቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።

በሰርጉ ሳምንት ወዳጅዎ ቤት ለማረፍ አይጠብቁ። በእኛ ልማድ እንግዳን ሆቴል መላክ ነውር ሊመስል ይችላል፤ እዚያ ግን ቤቱ በወላጆችና በወንድም እህት ተሞልቶ ይሆናል። ከከተማው ወጣ ብሎ ዋሊንግፎርድ ላይ ፔንድል ሂል የሚባል የኩዌከሮች የትምህርት ማዕከል አለ፤ እንግዳ ያሳድራል። ሆቴልም ሆነ ሌላ ማደሪያ ሲይዙ ከሰርጉ በፊት አንድ ሌሊት፣ ከሰርጉ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ያስቡ። ምክንያቱ በመጨረሻው ደረጃ ላይ ይመጣል።

5. ሻንጣው፦ ልብስ፣ ስጦታና የማይገባ ነገር

ኩዌከሮች ቀላል ኑሮን ያከብራሉ እንጂ ለተጋባዥ የልብስ ደንብ አያወጡም። ንጹሕና ልከኛ ልብስ ይበቃል። የሐበሻ ቀሚስ በደስታ ይታያል፤ ነጭ ለሙሽራዋ የሚተውበት አገር ስለሆነ ግን "ነጭ ብለብስ ቅር ይልሻል?" ብሎ አንድ መልእክት መላክ ይገባል። የጉባኤ ቤቱ ወንበር ብዙ ጊዜ ደረቅ እንጨት ስለሆነ አንድ ሰዓት ያህል ሳይቁነጠነጡ የሚያስቀምጥ ልብስ ይምረጡ።

ለስጦታ ቡና ጥሩ ነው። ያልተቆላም ሆነ የተቆላ ቡና ወደ ዋናው የአሜሪካ ምድር ይገባል፣ በርበሬና ሽሮም እንደዚሁ፤ የሚበላ ነገር መያዝዎን በጉምሩክ ማሳወቅ ግን ግዴታ ነው። ቋንጣ አይግባ፤ ሥጋ ክልክል ነው። ጠጅ ለማምጣት ካሰቡ አስቀድመው ይጠይቁ፣ ብዙ የጉባኤ ቤቶች በግቢያቸው አልኮል አይፈቅዱምና። ውድ ዕቃ አይጠበቅም። ሙሽሮቹ በስጦታ ፋንታ ለአንድ በጎ አድራጎት እንዲሰጥላቸው ከጠየቁ ያንኑ ያድርጉ፤ "ባዶ እጄን እንዴት እሄዳለሁ" ብሎ ትልቅ ዕቃ መሸከም ጥያቄያቸውን አለመስማት ይሆናል።

6. በጉባኤው ውስጥ፦ ዝምታውን መቀመጥ

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ ከሁሉ የሚያምረውም ይኸው ነው።

ሩብ ሰዓት ቀድመው ይድረሱ። አምልኮው የሚጀምረው ደወል ሲደወል አይደለም፣ ሰዎች ገብተው ዝም ብለው ሲቀመጡ ነው። ዘግይቶ የሚገባ ሰው በሩን ሲከፍት የሚሰማው የእሱ ጫማ ብቻ ይሆናል። በር ላይ ሥርዓቱን የሚያብራራ ወረቀት ከተሰጠዎት ከመቀመጥዎ በፊት ያንብቡት። ስልክዎን በንዝረት ላይ አያኑሩት፣ ያጥፉት፤ በዚያ ጸጥታ ንዝረቱም ይሰማል።

ሲገቡ መሠዊያ፣ ሥዕል፣ መስቀል ወይም አበባ የሞላበት መድረክ አያገኙም። ወንበሮቹ ብዙ ጊዜ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ሙሽሮቹ በአብዛኛው አብረው ገብተው ሕዝቡን እያዩ ይቀመጣሉ። አባት ልጁን ለሙሽራው የሚያስረክብበት ሥርዓትም በልማዳቸው የለም። አንድ ሰው ተነስቶ ለእንግዶች አጭር ማብራሪያ ሊሰጥ ይችላል። ከዚያ ዝም ይባላል።

ይህን የማያውቅ እንግዳ አንድ ነገር የተበላሸ ይመስለዋል። ድምፅ ማጉያው የተቋረጠ ይመስለውና ዙሪያውን ያያል፣ ጎረቤቱን ይጎነትላል። ምንም አልተበላሸም። ሙሽሮቹ ልባቸው ሲረጋ ራሳቸው ይነሳሉ፤ በየትኛው ደቂቃ እንደሚነሱ የሚወስን ሰው የለም። እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ በእግዚአብሔር ረዳትነት በሕይወት እስካሉ ድረስ አፍቃሪና ታማኝ የትዳር ጓደኛ ለመሆን በየተራ ቃል ይገባሉ። ንግግሩ አንድ ደቂቃ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ቀለበት ካለ ይደረጋል፣ ከሌለም ምንም አይጎድልም። ቀጥሎ ትልቁ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ላይ ይፈርማሉ፣ ወረቀቱም ለሁሉም ይነበባል፤ ከዚያ ጉባኤው ወደ ዝምታው ይመለሳል።

በዚህ መሀል እርስዎ ምን ያደርጋሉ? ሙሽሮቹ ሲነሱ አይነሱም፣ አያጨበጭቡም፣ ፎቶ አያነሱም። እልልታው ይቆይ። ለእኛ ሰው ይህ ከባድ እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ቃል ኪዳን ሲሰማ እልልታ ከጉሮሮ ቀድሞ ይወጣል። እዚያ ግን ዝምታው ራሱ የደስታው መግለጫ ነው። በልብዎ መጸለይ ይችላሉ፣ የእምነትዎን ጸሎት በውስጥዎ ቢሉ የሚከለክልዎ የለም። ሐሳብዎ ከሸሸ ወዳጅዎን መጀመሪያ ያዩበትን ቀን ያስታውሱ።

የኦርቶዶክስ ወይም የሌላ እምነት ተከታይ ለሆነ አንባቢ አንድ እውነታ ይጠቅማል። የዝምታው ጉባኤ ኩዌከሮች የውኃ ጥምቀትም ሆነ የሚታይ ቁርባን ስለሌላቸው በሰርጉ ላይ እንዲቀበሉት የሚቀርብልዎ ምሥጢር የለም። መቀመጥና መመስከር አባል አያደርግም። ኅሊናዎ ካልረጋ ከመጓዝዎ በፊት የንስሐ አባትዎን ያማክሩ።

ልጆች ካሉ በር አጠገብ ይቀመጡ። ሲያለቅሱ ይዞ መውጣት፣ ሲረጋጉ መመለስ ነውር አይደለም። ጆሮአቸው ውስጥ እያንሾካሾኩ መተርጎም ግን ከልቅሶው የበለጠ ይረብሻል።

7. ለመናገር ቢነሱ

ከቃል ኪዳኑ በኋላ ባለው ዝምታ ማንኛውም ሰው፣ እንግዳም ቢሆን፣ ልቡ ከገፋፋው ተነስቶ መናገር ይችላል። ስም ዝርዝር የለም፣ መድረክ መሪ የለም። ይህ ለድሮ ወዳጅ የተከፈተ ትልቅ በር ነው፤ በቀላሉም ይበላሻል።

መጀመሪያ ይጠብቁ። አንድ ሰው ተናግሮ ሲቀመጥ ወዲያው አይነሱ፤ ቃሉ እስኪሰክን ጥቂት ደቂቃ ዝምታ ይለፍ። ሲናገሩ ቆመው፣ ከዳር ያለው ሰው በሚሰማው ድምፅ ይናገሩ። አንድ ጊዜ ብቻ ይናገሩ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ለቀደመው ተናጋሪ መልስ አይስጡ፣ አያርሙት፣ አያመስግኑት።

ምን ይባላል? እንደ ግብዣ ንግግር ከልጅነት ጀምሮ ያለውን ታሪክ መዘርዘር አይሆንም። አንድ ትዝታ ይምረጡ፣ የወዳጅዎን ጠባይ በአንድ ጊዜ የሚያሳይ። ታመው በነበረ ጊዜ ሾርባ ይዞ ሦስተኛ ፎቅ የወጣበትን ቀን መናገር፣ "ደግ ሰው ነው" ብሎ አሥር ጊዜ ከመድገም ይበልጣል። ትዳሩን የሚያሽሟጥጥ ቀልድና የድሮ ፍቅረኛ ስም ፈጽሞ አያንሱ።

ምርቃት ደግሞ እዚህ ቦታ አለው። "ትዳራችሁ የአብርሃምና የሣራ ይሁን" ብለው በአማርኛ መርቀው ትርጉሙን በእንግሊዝኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስከተል ይቻላል። የአማርኛ ቃል በዚያ አዳራሽ መሰማቱ ለወዳጅዎ ከየትኛውም ስጦታ ሊበልጥ ይችላል። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ "አሜን" ብሎ በአንድ ድምፅ የሚቀበልዎ ሕዝብ አይኖርም። መልሱ ዝምታ ነው። አልተቀበሉኝም ብለው አይዘኑ፣ ድምፅዎን ከፍ አድርገውም አይድገሙት። ተቀብለውታል።

ምንም ካልመጣልዎ አይናገሩ። ዝም ብሎ የተቀመጠም የምስክርነቱን ሥራ ሠርቷል።

ጉባኤው የሚያበቃው ሁለት ሽማግሌዎች እጅ ለእጅ ሲጨባበጡ ነው። ከዚያ ሁሉም ጎረቤቱን ይጨብጣል፣ ጫጫታው ይጀምራል። እልልታውን ከዚህ በኋላ ያቅልጡት።

8. ስምዎን በሚነበብ እጅ ይጻፉ

በኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ለሚፈጸም ጋብቻ በሙሽራውና በሙሽራዋ በኩል ሁለት ሁለት ምስክሮች ይቀርባሉ። በኩዌከሮች ሰርግ ግን የተገኘው ሁሉ በትልቁ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ላይ ይፈርማል፤ ማንበብ የጀመረ ሕፃን ሳይቀር። ወረቀቱ ብዙ ጊዜ በእጅ ጽሕፈት ባለሙያ ያማረ ነው፣ በኋላም በፍሬም ገብቶ ቤት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።

ስለዚህ ሳይፈርሙ አይሂዱ። ሰልፉ ረጅም ነው ብለው ወደ ምግቡ የሚያመሩ፣ ከዚያም ረስተው የሚሄዱ ተጋባዦች አሉ። በተዘጋጀው ብዕር ብቻ ይፈርሙ፣ የኪስዎ እስክሪብቶ ቀለም ሊፈስ ወይም ሊደበዝዝ ይችላል። እርጥብ ፊርማ ላይ እጅዎን አያሳርፉ። የባንክ ፊርማዎን ሳይሆን የሚነበብ ስምዎን ይጻፉ፣ ከዓመታት በኋላ የሙሽሮቹ ልጆች "ይህ ማን ነው?" ብለው ይጠይቃሉና። በፊደላችን መጻፍ ከፈለጉ አጠገብ የቆመውን ሰው ይጠይቁ፤ ከተፈቀደ ከሥሩ በላቲን ፊደል ይድገሙት።

ይህ ወረቀት ከመንግሥቱ የጋብቻ ፈቃድ የተለየ ነው። በፈቃዱ ላይ የሚፈርሙት ሁለቱ ምስክሮች ብቻ ስለሆኑ ካልተጠሩ ወደዚያ ጠረጴዛ አይሂዱ።

9. ማዕዱና ከሰርጉ በኋላ ያለው ቀን

ግብዣው ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። አንዳንዱ ሰርግ እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ አንድ ሳህን ይዞ የሚመጣበት ነው። ምግብ እንዲያመጡ ከተጠየቁ በምዕራብ ፊላደልፊያ የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶች ስላሉ እንጀራና የጾም ወጥ ማዘዝ አያስቸግርም። በጉባኤ ቤቱ ቡና ለማፍላት ካሰቡ ግን ቡናውን ቤት ቆልተው፣ ፈጭተው ይምጡ። ከሰልና ዕጣን የጭስ ማስጠንቀቂያውን ያስጮኸዋል።

በዚያ ቀን ከወዳጅዎ ጋር አሥር ደቂቃ ብቻዎን ካገኙ ዕድለኛ ነዎት። ሙሽራ የሁሉ ነው። ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ብዙ ጊዜ የሚያዝነው እዚህ ላይ ነው፤ ይህን ያህል ገንዘብ አውጥቶ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ ከወዳጁ ጋር ሳይጫወት ይመለሳል። ጥፋቱ የሙሽራው አይደለም፣ ከሰርጉ በማግሥቱ ለመመለስ የተቆረጠው ትኬት ነው። ሙሽሮቹ በማግሥቱ ወደ ጫጉላ ጉዞ የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ ከሰርጉ ሦስት አራት ቀን ቀድሞ መድረስ ይሻላል፤ ወንበር በማመላለስና ሳህን በማጠብ መካከል የሚገኘው ጨዋታ የድሮውን ጊዜ ይመልሳል።

ትኬቱን ከመቁረጥዎ በፊት ዛሬውኑ ይደውሉለትና ከሰርጉ በፊት ወይም በኋላ ለሁለታችሁ ብቻ የሚሆን ግማሽ ቀን መቼ እንደሚያገኝ ይጠይቁት።